ከማፍጠን በፊት ማስቆም፦ አሮጌ ቮልስን በራስ እጅ ማደስና ማሻሻል

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስመጣትን የማይቀመስ አድርጎት ነበር። በዚህ መሐል አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ክብሯ ከፍ አለ። ጅማ ውስጥ አቮካዶ ዛፍ ሥር ጎማዋ ተንፍሶ፣ ዶሮ እንቁላል ሲጥልባት የኖረች ቮልስ ዛሬ "አትሸጥም ወይ?" የሚል ጠያቂ አላት። የቤቱ ልጆች ደግሞ በስልካቸው የአሜሪካኖቹን ሆት ሮድ እያዩ "አባዬ፣ እኛም እንሥራት እንጂ" ይላሉ።

ይቻላል። ቮልስ ለጀማሪ እጅ የምትመች መኪና ናት። ሞተሯ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው። ጥሩ ክሪክና አንድ አጋዥ ካለ ወርዶ ይሰቀላል። ችግሩ ብዙ ሰው ከሚያምረው ጫፍ መጀመሩ ነው። ከቀለም፣ ከቸርኬ፣ ከማርሚታ ድምፅ። ገንዘቡ መንገድ ላይ ያልቅና መኪናዋ ተመልሳ አቮካዶው ሥር ትገባለች። ስለዚህ እዚህ የምናየው ቅደም ተከተሉን ነው። ምን ይቀድማል? ለምንስ ይቀድማል?

ሆት ሮድ ምንድን ነው?

ለፍጥነት ሲባል ክብደቱ የተቀነሰለትና ጉልበት የተጨመረለት አሮጌ መኪና ነው። ነገሩ በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ ተስፋፋ። ወጣቶች ያገለገለ ፎርድ በርካሽ ይገዛሉ። ፓራፋንጎውን፣ ኮፋኖውን፣ ለሩጫ የማያስፈልገውን ሁሉ ነቅለው ይጥላሉ። ሞተሩ ያው ነው፤ የሚጎትተው ሲቀልለት ግን የበለጠ ይሮጣል። ከዚያ ሙሮክን በመሰሉ የደረቁ ሐይቆች ሜዳ ላይ ወስደው ይሞክሩታል።

ፎርድ በ1932 ቪ ኤይት ሞተርን በተራ ሰው መኪና ላይ ሲያመጣ ጨዋታው ጦፈ። ያ ሞተር ሲወጣ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ አገር አቀፍ ሆነ። በ1951 ኤንኤችአርኤ የተባለው ማኅበር ተቋቁሞ ጎረምሶቹን ከአስፋልት ላይ ሩጫ አውጥቶ ደንብ ወዳለው ሜዳ መውሰድ ጀመረ። ቮልስም አልቀረላትም። በ1960ዎቹ መጨረሻ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፊት ዝቅ ማድረግ፣ ጌጧን መንቀልና ሞተሯን ማሳደግ ፋሽን ሆነ። ስልቱ በኋላ "ካል ሉክ" የሚል ስም ወጣለት።

ማደስ ሌላ ነው። ማደስ መኪናዋን ከፋብሪካ ወደወጣችበት ሁኔታ መመለስ ነው። ማሻሻል ደግሞ ያልነበራትን መጨመር። ለጅማ ሰው የሚያዋጣው ሁለቱን መቀላቀል ይመስለኛል፤ መልኳ የድሮ፣ ፍሬኗ የዛሬ። ዝቅ ማድረጉን ግን ተዉት። በኛ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ ዝቅ ያለች ቮልስ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር አጂፕ ሰፈር ሳትደርስ ሆዷን ትፋቃለች።

ከየት ይጀመራል?

ከዝገት። ጅማ ዝናብ አገር ነው። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ይጥላል። ክረምቱ ሳይገባ በመጋቢትና በሚያዝያም ያረጥባል። ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ከተገናኙ ዝገት አለ፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። ከላይ ወርዶ የሚፈሰው ዝናብ ብዙም አይጎዳም። ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። መኪናዋን የሚበላት ተደብቆ የሚያድረው ነው። ጭቃ ላሜራው እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል፣ እስከ ጥቅምት አይደርቅም።

ቮልስ ላይ ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው። በሁለቱም ጎን ከበሩ ሥር ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ብረት ይሄዳል። የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያመጣውም፣ ቦዲውን ደግፎ የሚይዘውም እሱ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ ቀለሙ ላይ ሲታይ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው ወለሉ ነው፤ በተለይ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ባትሪው የሚቀመጥበት። እዚያ ውሃውም አሲዱም ተባብረው ይበሉታል። ከፊት ደግሞ የስፔር ጎማው ጉድጓድ፣ የመስታወቱ ላስቲክ ዙሪያና ፓራፋንጎው የሚታሰርበት ጠርዝ አለ።

ባትሪውን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የኋላ ወንበሩ የሽቦ ስፕሪንግ ነው። የባትሪው ክዳን ከጠፋ፣ ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል። ከዚያ የወንበሩ ሙሌት ይቀጣጠላል። ክዳኑን ወይም ወፍራም ላስቲክ ዛሬውኑ አድርጉበት። ሌላው ሥራ ይደርሳል።

ፍተሻው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦዲው ላይ አንሸራትቱ። ላሜራ ከሆነ ይይዛል። ስቱኮ (ጉድፍ መሙያው) ወፍሮ የተለጠፈበት ጋ ሲደርስ ይለቃል። ከዚያ ካቻቢቴ ይዛችሁ ከሥር ጫን ጫን እያደረጋችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው ያሳልፈዋል። ልምድ ያለው ባቲላሜራ ማግኔትም አይዝ። በጣቱ አንጓ ኳ ኳ እያደረገ ይሄዳል። ድምፁ ከጠራው ወደ ታፈነው ሲቀየር ቆም ይልና "ጋሼ፣ ከዚህ እስከዚህ ስቱኮ ነው፤ ላሜራ የለም" ይላችኋል። ሳትገዙ ከነገራችሁ ውለታ ነው።

ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ጥቃቅኑ ላይ ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ይቀባል። አሲዱ የቀረውን ዝገት ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። የተበሳ ከሆነ ግን በቅባት የሚድን ነገር የለም። እስከ ንጹሕ ብረት ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ቀዳዳው ላይ ስቱኮ ደፍኖ ማለፍ የሁለት ጊዜ ወጪ ነው። ስቱኮ እርጥበት ይስባል። ከሥሩ ያለው ብረት መዛጉን ይቀጥላል፣ ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ አረፋ ይሠራል።

ብየዳው ራሱ ትንሽ ጥያቄ አለው። የግቢ በር የሚሠሩ ቤቶች የሚጠቀሙበት በኤሌክትሮድ የሚበየደው ማሽን ለመኪና ይበረታል። የቮልስ ላሜራ አብዛኛው አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ኤሌክትሮዱ ይበሳዋል። ቀጭን ሽቦ የሚበላው ሚግ ማሽን፣ ወይም በጥሩ ባለሙያ እጅ የኦክሲጅን ብየዳ ነው የሚሆነው። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ላሜራ በሙቀት ይጣመማል። ነጠብጣብ እያደረጉ፣ አንዴ እዚህ አንዴ ወዲያ ጫፍ እየዘለሉ፣ መሐሉ እስኪበርድ እየጠበቁ ነው የሚሠራው።

ከበር ሥር ያሉትን ብረቶች ስትቀይሩ ሁለቱን ጎን በአንድ ቀን አትቁረጡ። ቦዲው መሐሉ ላይ ይሰምጥና በሩ ከዚያ በኋላ አልገጥም ይላል። መጀመሪያ የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ ወጥሮ ማሰር፣ ከዚያ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ። ከብየዳ በፊት ባትሪ ይፈታ፣ ወንበርና ምንጣፍ ይውጣ። ቮልስ ላይ የነዳጅ ታንኩ ከፊት ነው፤ ፊት ላይ ሥራ ካለ ታንኩ ወርዶ ራቅ ይበል። "ባዶ ነው እኮ" ብሎ ነገር የለም። የሚፈነዳው ባዶው ታንክ ውስጥ የቀረው ትነት ነው።

ቀለሙስ መቼ ይቀባ?

በበጋ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነው።

ምክንያቱ ዱኮ ሲረጭ ይታያል። ቲነሩ ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ጤዛ ያርፋል። ቀለሙ ነጣ፣ ደብዘዝ ብሎ ይደርቃል። ቀቢው አጥፍቶ አይደለም፤ ሐምሌ ስለሆነ ነው።

ሌላው በየሰፈሩ የሚታየው ነገር፣ ግራጫ ፕራይመር ተቀብታ "ገንዘብ ሲገኝ ቀለሙ ይደርሳል" ተብሎ ክረምቱን ውጭ የምታሳልፍ መኪና ነው። ተራው ፕራይመር ውሃ ያሳልፋል። የተሠራው የሚጠብቃት ሳይሆን ለቀለሙ መያዣ እንዲሆን ነው። ከሥሩ ያ ሁሉ የተደከመበት አዲስ ላሜራ እንደገና መዛግ ይጀምራል። በጀታችሁ ከተቆራረጠ ኢፖክሲ ፕራይመር ይሁን፤ እሱ እርጥበትን በደንብ ይከለክላል። ስቱኮውም ከኢፖክሲው በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጨውን ቀለም ቤት ውስጥ አትሞክሩት። አብዛኛው ኢሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። የአቧራ ማስክ አያቆመውም፣ ሳንባ ላይ አስም ያስቀራል። ይህን ለቀለም ቤት ስጡ፤ እናንተ ብርጭቆ ወረቀቱን አሹ። ከወጪው ብዙው እሱ ጋ ነው ያለው።

ፍሬኑ ለምን ከሞተሩ ይቀድማል?

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሐሉ ላይ ጊቤ አለ። ወልቂጤ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የጊቤ ድልድይ 1,100 ሜትር አካባቢ። ከየትኛውም ወገን ብትመጡ ወርዳችሁ ነው የምትወጡት። ቆላው ደግሞ ሙቀት ነው።

ፍሬን የሚሠራው አንድ ነገር ነው። የመኪናዋን ሩጫ ወደ ሙቀት ይቀይራል። ታዲያ ይህ ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ60 ወደ 85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብትሉ ፍጥነቱ በግማሽ እንኳ አልጨመረም፤ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ግን እጥፍ ሆኗል። ሞተሩን አሳድጎ ፍሬኑን እንደነበረ መተው ማለት ይሄ ነው።

አብዛኞቹ ቮልሶች በአራቱም እግር ታምቡር ፍሬን ናቸው። ሸራው፣ ማለትም ማፋተጊያው ንጣፍ፣ የሚሠራው በተዘጋ ታምቡር ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው መያዝ ይቀንሳል፣ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል። ዲስክ ክፍት ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል። የፊት ሁለቱን ወደ ዲስክ መቀየር ለቮልስ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ የመጀመሪያው ቢሆን ደስ ይለኛል። ፋብሪካው ራሱ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ዲስክ አድርጎ ስለነበር የሚገጥም ዕቃ አለ።

ከዲስኩ በፊት ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በላስቲክ ቱቦው ውስጥ አልፎ ሳይቀር። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ዋስትናው ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140። ዘይቱ ከፈላ መሥመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ትረግጣላችሁ፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። ጅማን በመሰለ እርጥብ ከተማ ዓመታት የቆየ ዘይት ይዞ ጊቤ መውረድ የዚህ ግብዣ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት። ዶት 5 የሚል ካያችሁ እሱ ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ከእነ 4 ወገን ነው።

ሁለተኛው ማስተር ሲሊንደሩ ነው። የድሮ ቮልሶች አራቱንም እግር የሚመግቡት በአንድ መሥመር ነው። በግቢያችሁ አንድ የውሃ መሥመር ብቻ ካለ አንዱ ቧንቧ ሲፈነዳ ኩሽናውም ሽንት ቤቱም ይደርቃል፤ እዚህም አንድ ጎማ ላይ ያለ ቱቦ ቢበጠስ አራቱም ፍሬን ይጠፋል። በኋላ የመጡት መኪኖች ሁለት መሥመር አላቸው፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ያቆማል። የእናንተ ነጠላ ከሆነ ባለ ሁለት መሥመሩን ግጠሙ። ከቸርኬውም፣ ከሬዲዮውም በፊት።

አየር ማስወጣቱ የቤት ሥራ ነው። የዘይት ማጠራቀሚያው ከፊት ኮፋኖ ሥር ከስፔር ጎማው ኋላ ነው። ከማስተር ሲሊንደሩ ርቆ ካለው እግር ይጀመራል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። መሪው በቀኝ የሆነች ከሆነ ግራና ቀኙን ገልብጡት። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ብሎኑን ከፍቶ ይዘጋል። ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ብሎኑ ይዘጋ። "ርገጥ"፣ "ያዝ"፣ "ልቀቅ" የሚሉትን ሦስት ቃላት ቀድማችሁ ተስማሙባቸው። ልጁ "ያዝ" ሲባል ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባና ከአንድ ትጀምራላችሁ።

የድሮ የፍሬን ሸራ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለበት። ታምቡሩ ሲከፈት ያንን ጥቁር ብናኝ በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በአፍም እፍ አትበሉት። በውሃ አርጥቡና በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ።

መብራቷ ለምን ይደክማል?

ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው። አንድ አምፖል እኩል ብርሃን እንዲሰጥ በ6 ቮልት ከ12 ቮልቱ እጥፍ ኮረንቲ መሳብ አለበት። መንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ የዛገ መጋጠሚያ ደግሞ ከዚያ ኮረንቲ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ርካሹን ሞክሩ። የመሬት ገመዶችን ፍቱ፣ የሚያርፉበትን ብረት እስኪያበራ አጽዱ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ብዙ ጊዜ "ዲናሞው ሞቷል" የተባለው እዚህ ጋ ይነሳል።

ወደ 12 ቮልት መቀየርም ይቻላል። አምፖሎች፣ ባትሪ፣ ኮይል፣ ዲናሞ ወይም አልተርኔተር፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ይቀየራሉ። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ ይቆያል፤ ለትልቅ ኮረንቲ የተሠራ ስለሆነ ለትንሹ ይበቃል። ገመዱ ቆዳው የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን ለኤሌትሪሲስታ ስጡት። ፑንቲናውን (የማቀጣጠያውን ኮረንቲ የሚያቋርጠውን) አውጥቶ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ማስገባት ደግሞ ግማሽ ቀን የማይፈጅ፣ ጧት ጧት መግፋትን የሚያስቀር ለውጥ ነው።

ሞተሩንስ?

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጁን ከአየር ጋር ነው፤ አየሩ ሲያንስ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ጉልበት እዚሁ ይቀራል። 34 የፈረስ ጉልበት ያላት 1200 ቮልስ ጅረን ዳገት ላይ ስታቃስት በሽታ ላይሆን ይችላል።

ማስተካከል የሚቻል ነገር ግን አለ። ካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጅ የምታልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፤ ሜይን ጀት ይሏታል። ላይዋ ላይ 125 ከተባለ ቀዳዳዋ 1.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ልክ ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ከሆነ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅ ይበዛል። ምልክቱ ቀላል ነው። ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩ። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ጥላሸት ካለበት ነዳጅ በዝቷል። አንድ ወይም ሁለት ደረጃ አነስ ያለ ጀት ፍጆታውን ይቀንሳል፣ ጉልበቷንም ያነቃቃል። ነጣ ካለ ግን አሳንሳችኋል፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ይግላል።

ከጉልበት በፊት ማቀዝቀዣው። ቮልስ ውሃ የላትም። ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል፣ ማራገቢያው ያው የዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ስለዚህ ቀዩ የዲናሞ መብራት መንገድ ላይ ድንገት ከበራ "ቻርጅ አታደርግም፣ ቤት እንደርሳለን" አትበሉ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማራገቢያውም ቆሟል። ወዲያው አቁሙ። ሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎችና ዳር ያለውን ላስቲክ ደግሞ "ምን ይሠራል?" ብሎ የሚጥል መካኒክ አለ። የሚሠራው ከሥር የሚመጣው የጋለ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ መከልከል ነው። ያለሱ ሞተሩ የራሱን ሙቀት መልሶ ይተነፍሳል። ቮልስ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። በድሮው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው የእሱን ነፋስ ይጋርደዋል። ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ከመንገዱ ገለል ተደርጓል። ጉልበት ልትጨምሩ ካሰባችሁ ይህን አዲሱን ዓይነት የማራገቢያ ሽፋን ፈልጉ፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ጠይቁ።

የነዳጅ ቱቦዎቹን ግን ዛሬ ቀይሩ። ቮልስ የምትቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ በላይ ባለ በተሰነጠቀ ቱቦ ነው። ነዳጁ የሚንጠባጠበው የጋለ ሞተር ላይ ነው። በጣታችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ስንጥቅ ካለው አበቃ። አዲሱን በማሰሪያ ቀለበት እሰሩ፣ አንድ የእሳት ማጥፊያ መኪናዋ ውስጥ ይኑር።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው ጉልበት። ቀላሉ መንገድ የ1200ውን ሞተር አውጥቶ በጤነኛ 1600 መተካት ነው። ባለ ሁለት ቀዳዳ ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ያለው 50 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ከ34 ሲነጻጸር ጊቤን የሚያስረሳ ልዩነት ነው። ሁለት ካርቡራቶር መግጠም ይቻላል፤ ሁለቱን እኩል አስተካክሎ ማቆየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ብሆን ለዕለት መኪና በአንዱ እቀራለሁ።

ምኑን ራሴ ልሥራ?

መፍታት፣ ማጽዳት፣ ማሸት፣ ቱቦና ሸራ መቀየር፣ ዘይት መቀየር፣ ቫልቭ ማስተካከል የቤት ሥራ ነው። የሞተር ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት እንጂ። ስለዚህ ከ5,000 ኪሎ ሜትር አታሳልፉት። የቫልቭ ክፍተቱ በብዙዎቹ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ጧት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይለካል። የቀረው፣ ማለትም ኮሎ (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ማስቶረን፣ ቴስታታ ማስላጨት፣ የወለል ብየዳ፣ የመጨረሻ ቀለም፣ ለባለሙያ ይተው።

ስትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በየከረጢቱ አድርጋችሁ ከየት እንደወጡ ጻፉ። በክሪክ ብቻ ቆማ ያለች መኪና ሥር ደግሞ በፍጹም አትግቡ። ብሎኬትም ድጋፍ አይደለም፤ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። የብረት ማቆሚያ ወይም ወፍራም ግንድ አድርጉ።

ወደ ኤሌክትሪክ ብቀይራትስ?

በመርህ ይሆናል። የነዳጅ ሞተሩ ወርዶ የኤሌክትሪክ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር በመያዣ ይጋጠማል። ፎልክስዋገን ራሱ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ የኢ-አፕ መኪናውን ሞተርና ባትሪ የተገጠመላት ቮልስ አሳይቷል። ወጪው ያለው ባትሪው ላይ ነው፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነም ፍሬኑና ሰስፔንሽኑ አብረው ይለወጣሉ። ከላይ ያለው የዝገትና የፍሬን ሥራ አይቀርም። የግቢ ሥራ ግን አይደለም። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለ ሥልጠና አይነካም።

ወረቀቱስ?

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። ሞተር ከቀየራችሁ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ስለዚህ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ከመግጠማችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ቀለምም ከቀየራችሁ እንዲሁ። ለቦሎ ስትሄዱ ከሊብሬው ጋር የማይገጥም ቁጥር ከተገኘ መኪናዋ ስንት ብታምር አታልፍም።

የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ሞተሩ ላይ ተመቷል። የሻንሲው ቁጥር ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚሄደው ጉብታ ላይ ነው። ወለሉ ሲቀየር ግራና ቀኙ ይቆረጣል እንጂ ጉብታው አይነካም። በያጁ ግራይንደሩን ከማስነሳቱ በፊት ቦታውን በእጃችሁ አሳዩት፣ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት።